ነጭ ጋዝ ያነጠረው ሐኪም



የዛሬውን ነገር ከአንድ መንገድ ዳር እንጀምር።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲትን ታልፋላችሁ። ስሟ ራሱ ሐሙስን ያስታውሳል። ከእሷ አልፋችሁ ጉማራን ስትሻገሩ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል፤ ክረምት ላይ ሩዝ፣ በጋ ላይ ደግሞ በሞተር በሚሳብ ውሃ ሽንኩርት የሚበቅልበት ሜዳ ነው። እስቲ እዚያ ያለ አንድ ገበሬ አስቡ። ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ቤንዚን ይገዛል። ሽንኩርቱ ውሃ አጥብቆ በሚፈልግበት ሳምንት ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ቀጥ ይላል። መካኒኩ ጀሪካኑን አሽትቶ ራሱን ይነቀንቃል። ቤንዚኑ ላይ ነጭ ጋዝ ተጨምሮበታል።

ልብ በሉ፤ ያጭበረበረው ሰው ውሃ ቢጨምር ኖሮ ይጋለጥ ነበር። ውሃና ቤንዚን አይዋሃዱም፤ ውሃው ከታች ይተኛል። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሲገናኙ አይደፈርሱም፣ አይለያዩም፣ ድርብርብ አይሠሩም። በዓይን አይቶ የሚያውቅ የለም። ታዲያ እንዲህ የተቀላቀለን ነገር ማን ይለየዋል?

መልሱ እሳት ነው። እሳትን፣ ሸክላንና ትዕግሥትን አገናኝቶ ይህን ዓይነት መለያየት በጽሑፍ ካስተማሩን ቀደምት ሰዎች አንዱ ደግሞ ስሙን ደጋግማችሁ የሰማችሁት ሰው ነው። ዛሬ ስለ እሱ እንጨዋወት።

በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ። ናፍጣ የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? ጣሊያኖች ናፍታ ይላሉ፣ ዐረቦች ነፍጥ። ከመሬት ለሚፈልቅ፣ ለሚቀጣጠል ዘይት የተሰጠ የጥንት የመካከለኛው ምሥራቅ ስም ነው። እኛ ለጠመንጃ የምንጠቀምበት ነፍጥም የዚያው ዘር ነው፤ ዐረቦች ቃሉን መጀመሪያ ለሚነደው ዘይት፣ ኋላም ለባሩድ ተጠቅመውበታልና። ነጭ ጋዝ የምንለውን፣ አንዳንዶቻችሁም ላምባ የምትሉትን፣ በኩራዝ ብርሃን ስንቱ ትውልድ የተማረበትን ፈሳሽ፣ ያ ሰው ከ1100 ዓመት በፊት ነጭ ነፍጥ ብሎ ጽፎታል። እሱ ነጭ አለ፣ እኛም ነጭ አልን። ጥቁሩን ነጭ ያደረገው ማንጠር ነው።

ሰውየው አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ይባላል። ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ እንደመዘገበው የተወለደው በ251 ዓመተ ሂጅራ፣ በሻዕባን ወር መግቢያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ865 ነው። የትውልድ ከተማው ረይ ነበረች፤ የዛሬዋ ቴህራን ሰፍታ ውጣታለች። አር-ራዚ መባሉም የረይ ሰው ለማለት ነው።

ገና ከልጅነቱ ሐኪም አልነበረም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች በወጣትነቱ ዑድ ይጫወት እንደነበር፣ ጢሙ ሲያቀነቅን ግን እንደተወው ጽፈዋል። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ መንዛሪ ነበር ይላሉ። መንዛሪ ከሆነ ሥራው ምን እንደነበር ታውቁታላችሁ፤ ደህናውን ሳንቲም ከሐሰተኛው መለየት። ከዚያ በብልቃጥና በምድጃ ወደሚሠራው የኪሚያ ሥራ ገባ። በዚያ ዘመን የዚህ ሥራ ትልቁ ምኞት ተራውን ብረት ወርቅ ማድረግ ነበር። አል-ቢሩኒ እንደሚተርከው የምድጃው እሳትና ጭስ ዓይኑን ጎዳው፤ ይኸው የዓይን ሕመም ወደ ሕክምና ትምህርት ገፋው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነበር መማር የጀመረው። እናንተ በ20 ዓመታችሁ ዘገየሁ፣ አለፈኝ የምትሉ፣ ይህን ያዙልኝ።

ወደ ምድጃው እንመለስ። አር-ራዚ ኪታቡል አስራር፣ የምስጢሮች መጽሐፍ፣ የሚባል ሥራ ጽፏል። ስሙ ምስጢር ቢልም ውስጡ የተገላቢጦሽ ነው። የዘመኑ ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩን በምሳሌና በእንቆቅልሽ ሲሸፍኑት እሱ እንደ ወጥ አሠራር ዘርዝሮ ጻፈው፤ ዕቃው ይህ ነው፣ የሚጨመረው ይህ ነው፣ እንዲህ አድርጉ። ከመሬት የሚገኙትን ነገሮች በ6 ክፍል ደለደላቸው። ለምሳሌ እሳት ሲነካቸው ተነው የሚበሩትን መንፈሶች አላቸው፤ ድኝና ሜርኩሪ ከእነዚህ ናቸው። በእሳት ውስጥ የሚጸኑትን እንደ ብረትና መዳብ ያሉትን አካላት አላቸው። መለያው እሳት ፊት የሚያሳዩት ጠባይ ነበር።

የማንጠሪያ ዕቃዎቹ ሦስት ነበሩ። ታችኛው ማሰሮ ቀርዕ ይባላል፤ ትርጉሙ ቅል ነው፣ ቅርጹም እንደ ቅል። ከላዩ የሚደፋው አፍንጫ ያለው ክዳን አንቢቅ ይባላል። ከአፍንጫው የሚንጠባጠበውን የሚቀበለው ዕቃ ደግሞ ቃቢላ፣ ተቀባይ ማለት ነው። አንቢቅ የሚለው ስም ከነ አል-ሉ ወደ ላቲን ገብቶ አለምቢክ ሆኖ ቀረ።

ጥቁሩን ነፍጥ እንዴት ነጭ እንዳደረገው ሲያስረዳ አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቁሩ ነፍጥ ከነጭ ሸክላ አፈር ጋር እንደ ወፍራም ሾርባ እስኪሆን ይታሻል። ከዚያ ማሰሮው ውስጥ ገብቶ በእሳት ይተናል፣ በአንቢቁ በኩል ይንጠባጠባል። የወጣው ጥርት ካላለ እንደገና ከሸክላ ጋር ይታሻል፣ እንደገና ይነጠራል። ጥርት እስኪል ድረስ ይደጋገማል። ሌላም መንገድ ጽፏል፤ በሸክላው ፈንታ ነሻዲር የሚባለውን ጨው የሚጠቀም። የወጣው ፈሳሽ ለመብራት ይሆናል። አር-ራዚ ራሱ ቀስ ያለ ሙቀት ለሚፈልገው ሥራው የነፍጥ መብራት ከዕቃው ሥር ያስቀምጥ ነበር።

እስቲ ደጋግሞ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ለምን አንዴ አልበቃውም?

ትንሽ ታገሱኝና ወደ ድስቱ እንግባ። የሩዝ ድስት ክዳን ስታነሱ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አይታችኋል። ጨው የለበትም፤ ጨው አይተንምና ከታች ቀርቷል። እዚህ አንዴ ማትነን ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው የተቀላቀሉት ሁለቱም የሚተኑ ሲሆኑ ነው። ነፍጥ ደግሞ በአብዛኛው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የመፍያ ሙቀት ያላቸው እጅግ ብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው።

ለማቅለል ሁለቱን ብቻ እንውሰድ፤ ቤንዜንና ቶሉይን። ቤንዜን ያልኩት ከማደያ የምትቀዱትን ቤንዚን አይደለም፤ በእሱ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ አንድ ፈሳሽ ነው። ቤንዜን ለብቻው በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቶሉይን በ111 ግድም ይፈላል። በሞለኪውል ቁጥር እኩል ለእኩል ብንቀላቅላቸውስ? ብዙዎቻችን 80 ላይ ቤንዜኑ ተኖ ያልቃል፣ ከዚያ 111 ላይ ቶሉይኑ ይከተላል ብለን እናስባለን። እንዲያ አይደለም። ድብልቁ መፍላት የሚጀምረው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ እንፋሎቱም ሁለቱንም ይዞ ይወጣል።

ምክንያቱን በቁጥር ያስቀመጠው ከአር-ራዚ ብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ፈረንሳዊ ነው። ፍራንሷ-ማሪ ራውል ይባላል፤ በግሬኖብል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፣ ሕጉንም በ1887 አሳተመ። ሕጉ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ በድብልቅ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የሚሰጠው የእንፋሎት ግፊት ለብቻው ሲሆን የሚሰጠውን ያህል ሆኖ በድርሻው ልክ የተቀነሰ ነው። በ92 ዲግሪ ላይ ንጹሕ ቤንዜን 1080 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግድም ግፊት አለው፤ ንጹሕ ቶሉይን ደግሞ 434 ግድም። እኩል ሲቀላቀሉ እያንዳንዱ ግማሹን ያዋጣል፤ 540 እና 217። ሲደመር 757። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 760 ስለሆነ ሁለቱ ተባብረው አየሩን ሊገፉ ደረሱ ማለት ነው፤ ፈሳሹ ይፈላል። አሁን መዋጮውን እዩት። ከ757 ውስጥ 540ው የቤንዜን ነው። ስለዚህ ከታች 50 በመቶ ቤንዜን የነበረው ከላይ በእንፋሎቱ 71 በመቶ ግድም ሆኖ ይገኛል። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። ፎገራ ሜዳ 1800 ሜትር ግድም ከፍ ስለሚል አየሩ ይሳሳል፣ ሁሉም ነገር ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ውሃ እንኳ እዚያ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል።

71 በመቶ ንጹሕ አይደለም። የተሻለ ነው እንጂ። ያን እንፋሎት አቀዝቅዛችሁ እንደገና ብታፈሉት የመጀመሪያው እንፋሎት 86 በመቶ ግድም ይሆናል። ሦስተኛው 94 ግድም፣ አራተኛው 97 ግድም። በየጊዜው ትቀርባላችሁ፣ ግን በአንድ ዙር 100 አትደርሱም። የአር-ራዚ ደጋግሞ ማንጠር ይህ ነበር። ሕጉን አያውቀውም፤ ሞለኪውል የሚባል ነገር በዘመኑ አልነበረም። ነገር ግን ጠብታው ጥርት እስኪል አላቆመም።

እንዲህ በሕጉ ልክ የሚሄዱ ድብልቆችን የኬሚስትሪ ሰዎች ሃሳባዊ ድብልቅ ይሏቸዋል። ቤንዜንና ቶሉይን ለዚህ የሚቀርቡት በተፈጥሮ ስለሚመሳሰሉ ነው። የአንዱ ቅንጣት በሌላው ጎረቤት መሐል ሲሆን በራሱ ዘመድ መሐል እንዳለ ያህል ይሰማዋል ብትሉ አያስነቅፍም። ሲቀላቀሉ ሙቀት አይወጣም፣ አይገባም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሊትር ከአንድ ሊትር ጋር ሁለት ሊትር ሊሆን ምንም አይቀረውም። የሐሙሲቱ ጀሪካን ቀልቃላ በዓይን ያልታየውም በዚሁ መመሳሰል ነው።

ባዕዳን ሲቀላቀሉ ግን ሕጉ ይዛባል። አልኮልና ውሃን ውሰዱ። ምንም ያህል ጊዜ ብታነጥሯቸው በተለመደው መንገድ አልኮሉ በክብደት ከ96 በመቶ ግድም በላይ አይወጣም፤ እዚያ ላይ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፣ መለያየቱ ይቆማል። በነገራችን ላይ አረቄ የሚለው ስም ዐረቅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ላብ ማለት ነው፣ እንደ ላብ ስለሚንጠባጠብ። ያው ዕቃ አረቄም ያወጣል፣ የጽጌረዳ ውሃም፣ ለኩራዝ የሚሆን ነጭ ጋዝም። ዕቃው አልመረጠም። የሚመርጠው ዕቃውን የጣደው እጅ ነው።

አሁን አር-ራዚን ከምድጃው ወደ ሆስፒታል እንከተለው። በረይ፣ ቀጥሎም በባግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ ሆኗል። በዚህ ላይ በየገጹ የምታጋሩት አንድ ታሪክ አለ፤ የባግዳድ ሆስፒታል የት ይሠራ ሲባል ሥጋ በየሰፈሩ ሰቅሎ ዘግይቶ የተበላሸበትን ቦታ መረጠ የሚለው። ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን ከስሙ ጋር የሚያያይዙት የዐዱዲ ሆስፒታል የተከፈተው እሱ ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለ መለየት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ይህን ሳልለይ ባልፍ ራሴን እታዘበዋለሁ። የሰውየው እውነተኛ ሥራ ተጨማሪ ጌጥ አያስፈልገውም።

የመጽሐፍ ነጋዴውና ጸሐፊው ኢብኑን ነዲም ያስቀረልንን እዩ። አር-ራዚ ሲያስተምር ከፊቱ ተማሪዎቹ ይቀመጣሉ፣ ከእነሱ ፊት የእነሱ ተማሪዎች፣ ከእነዚያም ፊት ሌሎች። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውጪኞቹን ነው። ካወቁት አለቀ። ካላወቁት ወደ ቀጣዩ ክብ ይሄዳል። እነሱም ካልቻሉት አር-ራዚ ራሱ ይናገራል። የዛሬ ነዳጅ ማጣሪያ ረጅም ማማ በውስጡ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው የተሠራው፤ በየእርከኑ አንድ ማትነን፣ አንድ ማቀዝቀዝ ይካሄዳል፣ ወደ ላይ የሚደርሰው በየእርከኑ የተጣራው ብቻ ነው። ሁሉም ጥያቄ ወደ ሊቁ አይሮጥም። እናንተስ? የማያውቁትን ጥያቄ ሰምተው በየቴሌግራሙ ቶሎ ፍርድ ከሚሰጡት ናችሁ ወይስ ወደሚቀጥለው ክብ ከሚያሳልፉት?

ያው ጸሐፊ ስለ ጠባዩም ይነግረናል። ለጋስ ነበር፣ ለድሆችና ለሕመምተኞች ርኅሩኅ ነበር፣ ለምስኪኖች ከራሱ ይሰጥ ነበር፣ በሄደበት ሁሉ ሲጽፍ ወይም ሲገለብጥ ነበር የሚገኘው። ሐኪም በአጠገቡ ለሌለው ሰው ብሎ የጻፈው የራሱ የሆነ መጽሐፍ አለው። ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር፣ መንገድ ለማይደርስበት ሰው። በገጠር ያደጋችሁ የዚህን መጽሐፍ ዋጋ ማንም ሳይነግራችሁ ትገምቱታላችሁ።

ከሁሉ የሚታወሰው ግን በሌላ መለያየት ነው። በዘመኑ ፈንጣጣና ኩፍኝ ተደባልቀው ይታዩ ነበር። ሁለቱም በትኩሳት ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ቆዳ ላይ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ሕፃናትን ይቀጥፋሉ። አር-ራዚ በሽተኞቹ አጠገብ ተቀምጦ ምልክት በምልክት ጻፈ። የወገብ ሕመም በፈንጣጣ ይበረታል። ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ በኩፍኝ ይበዛል። ስለ ሁለቱ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ከእጃችን ከደረሱት ውስጥ ሁለቱን በግልጽ የለየ የመጀመሪያው ነው፤ ላቲንን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ፈንጣጣ ከዓለም ሊጠፋ ሲል ካገኘናቸው የመጨረሻ ምሽጎቹ አንዷ አገራችን ነበረች። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በ1976፣ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጎረቤት ሶማሊያ በ1977 ነው። ያን ዘመቻ ያሸነፈው ክትባት ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ ፈንጣጣን ከሚመስሉት በሽታዎች የሚለይ ሰው ባይኖር ግን ክትባቱ የት እንደሚዘምት አያውቅም ነበር።

የአንጎል ትኩሳት የያዛቸውን ሲያክምም አንድ ነገር ጽፏል። ከፊሎቹን ደም አስወጣ፣ ከፊሎቹን ግን ሆን ብሎ ተወ፤ ልዩነቱን ለማየት። የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬ አይጸናም፤ ደም ማስወጣት ለዚያ በሽታ መድኃኒት አይደለም። መንገዱ ግን ዛሬም የመድኃኒት መፈተሻ መንገድ ነው። የግሪኩን ሐኪም ጃሊኑስን እንደ መምህሩ እያከበረም፣ ተሳስቷል ባለበት ቦታ ጥርጣሬውን የሰበሰበበት መጽሐፍ ጽፏል። ማክበርንና መፈተሽን አላጣላቸውም።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ጥሩው ነው። ስለ አንድ ሰው ስንጽፍ ጥሩውን ብቻ ማፍሰስ ደግሞ ራሱ ቅልቅል ነው። ስለዚህ ሌላውንም ስሙ።

አር-ራዚ ብረት ወርቅ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። ተሳስቷል። በዚያ ምድጃ ላይ ስንት ሌሊት እንዳጠፋ አላህ ያውቃል፤ ወርቅ አልወጣውም። ነገር ግን በተሳሳተው ምኞት መሐል ያደረገውን በትክክል ስለጻፈ፣ ምኞቱ ሲሞት አሠራሩ ቀረ። ዕቃው፣ እርምጃው፣ ማንጠሩ ቀረ።

ከዚህ የከበደም አለ። በእምነትና በፍልስፍና ጉዳይ የተባሉለት አስተሳሰቦች ከዑለማእ ብርቱ ተቃውሞ አስነስተውበታል። በተለይ በነቢይነት ጉዳይ ተናግሮታል የሚባለው ለማንኛችንም የሚከብድ ነው። ያ ንግግር የደረሰን በአብዛኛው በተቃዋሚዎቹ መጽሐፍ በኩል ነው፤ ምን ያህሉ የእሱ እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የመጽሐፎቹን ዝርዝር ደክሞ የሰበሰበለት አል-ቢሩኒ ራሱ በዚህ ጉዳይ ወቅሶታል። ወቀሰውም፣ 184 ሥራዎቹንም ቆጥሮ አስቀመጠለት። ይህን የአል-ቢሩኒ ሚዛን ተመልከቱት። የሰውየውን ስህተት ለመቃወም ብሎ የፈንጣጣውን መጽሐፍ አላቃጠለም፤ የፈንጣጣውን መጽሐፍ ስለወደደ ብሎም ስህተቱን አልዋጠም።

እኛ ዛሬ የምናደርገው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ነው። አንዱ ገጽ የሙስሊሞች ኩራት ብሎ ፎቶ ይሠራለታል፣ ሌላው ስሙ እንዳይነሳ ይላል። ሁለቱም ጀሪካኑን ሳይፈትሹ የሚገዙ ናቸው። ድብልቅ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር የራሱን ድርሻ ያህል ይሰጣል፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። የምንጠቀምበትን ዒልም እንለያለን፣ የማንቀበለውን እንተዋለን፣ የሰውየውን የመጨረሻ ሒሳብ ግን እኛ አንይዘውም። 97 ላይ የደረሰ ማንጠሪያም 100 ነኝ አይልም።

ወደ መጨረሻው ዕድሜው ዓይኑ ጠፋ። ምክንያቱን እያንዳንዱ ተራኪ በራሱ መንገድ ያስረዳል። አንድ የዓይን ሐኪም ሊያክመው መጥቶ ነበር ይላሉ፤ አር-ራዚ ስለ ዓይን አሠራር ጠየቀውና ሰውየው መመለስ ቢያቅተው ይህን የማያውቅ እጅ ዓይኔን አይነካም አለ ይባላል። ሌሎች ደግሞ ዓለምን እስክሰለች አይቻታለሁ ብሎ ሕክምናውን ተወው ይላሉ። የትኛውም ቢሆን፣ በእሳትና በጭስ ፊት ዕድሜውን ያሳለፈ፣ ጠብታ ጥርት ማለቷን በዓይኑ የሚመዝን ሰው በጨለማ ጨረሰ። በረይ በ313 ዓመተ ሂጅራ፣ በፈረንጆች 925 ሞተ። አል-ቢሩኒ እንደሚለው ወሩ እንደ ልደቱ ሻዕባን ነበር።

ሲሞት በየበሽተኛው አልጋ አጠገብ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ገና መጽሐፍ አልሆኑም ነበር። ወረቀቶቹ ከእህቱ ዘንድ ነበሩ። ኢብኑል ዐሚድ የተባለ ቪዚር ከእሷ ገዝቶ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አዘጋጃቸው፤ አል-ሓዊ የሚባለው ግዙፍ የሕክምና መጽሐፍ የተገኘው እንዲህ ነው። በ1279 ወደ ላቲን ተተርጎሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ለዘመናት ተማሩበት። ስሟን እንኳ ታሪክ በቅጡ ያላስቀረላት ያች እህት ወረቀቶቹን ለእሳት ማቀጣጠያ ብታደርጋቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም። እህቶቼ፣ ዒልም የሚጠበቀው በጸሐፊው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሐሙሲት እንመለስ።

አገራችን ከባሕር ዳርቻ ላይ የራሷ ማጣሪያ ነበራት። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1967 ሥራ ጀመረ። የአር-ራዚ ቅል እዚያ ሰማይ ጠቀስ ማማ ሆኖ ነበር፤ ድፍድፉ ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ቀላሉ ጋዝ ይወጣል፣ ዝቅ ሲል ቤንዚን፣ ቀጥሎ ነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ ናፍጣ፣ ከሥር ደግሞ አስፋልት የሚሆነው ዝቃጭ ይቀራል። አሰብ ከኤርትራ ጋር ሄደች፤ ማጣሪያውም በ1997 ሥራ አቆመ። ዛሬ ነዳጃችን ሌላ አገር ተነጥሮ አልቆ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ስንት እርከን የወጣ፣ ስንት ሰው የደከመበት መለያየት ነው። ከዚያ አንድ ሰው በሌሊት፣ በአንድ ጆግ፣ መልሶ ይቀላቅለዋል።

ቅልቅሉን የነዳጅ ላቦራቶሪ እንዴት እንደሚያጋልጠው ታውቃላችሁ? 100 ሚሊሊትር ቀድቶ ያፈላዋል። የመጀመሪያዋ ጠብታ በስንት ዲግሪ ወጣች፣ ግማሹ በስንት፣ የመጨረሻው በስንት እያለ ይመዘግባል። ቤንዚን ብቻ ከሆነ ሙቀቱ የታወቀ መንገድ ይሄዳል። ነጭ ጋዝ ከገባበት መጨረሻው ላይ ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ከባዱ እንግዳ እስከ መጨረሻ ተደብቆ ይቆይና ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሱ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ያልታየው ሲሞቅ ታየ። ዕቃውም ያው ነው፤ ማሰሮ፣ ክዳን፣ ተቀባይ።

ወንድሜ ሆይ፣ ነጋዴ ከሆንክ፣ ገዢው በዓይኑ ሊለየው የማይችለው ቅልቅል ላንተ ፈተናህ ነው። በውሃ የሚያጭበረብር ሰው ቶሎ ይያዛል፤ ዘመድ በዘመድ የሚቀላቅል ግን ዕድሜውን ሙሉ ላይያዝ ይችላል። የሽንኩርቱ ማሳ ግን ደርቋል። የገበሬው ልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያ ማሳ ነበር። ገንዘቡ ከአንተ ኪስ ውስጥ ከሐላሉ ጋር ተዋሕዷል፤ አይደፈርስም፣ ድርብርብ አይሠራም። ሁሉም ነገር የሚፈላበት ቀን ግን አለ።

እህቴ ሆይ፣ ተማሪ ከሆንሽ፣ የመጀመሪያው ዙር 71 ብቻ ቢሰጥሽ አትዘኝ። 71 ጥቁር ነፍጥ አይደለም። መልሰሽ ጣጂው።

ዛሬ ከሰላት በኋላ የሩዝ ድስት ከጣዳችሁ ክዳኑን ስታነሱ ጠብታዋን ተመልከቷት።

አላህ የምንበላውን ሐላል፣ የምንማረውን ጠቃሚ፣ ኒያችንን ጥሩ ያድርግልን። የለየነውን እንድንይዝ፣ ያልለየነውን እንድንጠይቅ ይርዳን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።